ሰካራሙ ቀጥ ሲል

በከተማችን በዱቦቫ መናፈሻ ውስጥ አንድ አሮጌ የናፍጣ ባቡር ቆሟል። በበጋው በዓላችን ቀን ኤሌክትሪክ ይቀጥሉለትና ግንባሩ ላይ ያለውን መብራት ያበሩታል። መብራቱ እንደ ሌላው መብራት አርፎ አያበራም፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ እየተጠማዘዘ አየር ላይ ስምንት ቁጥር የሚጽፍ ይመስል ይወዛወዛል። ከኦማሃ የሚመጡ እንግዶች ፎቶ ያነሱታል፣ ልጆች ያጨበጭቡለታል። እኛ ሽማግሌዎቹ ሲወዛወዝ ምንም አይመስለን። የሚያወዛውዘውን ትንሽ ሞተር አጥፍተውት መብራቱ ብቻ በርቶ ቀጥ ሲል ግን ፊታችንን እናዞራለን። ይህን ያስተማረን ኤሚል ሃቭራኔክ ነው፤ ያስተማረን ደግሞ መጀመሪያ ተቃራኒውን ካስተማረን በኋላ ነው።

ኤሚል የባቡር ነጂ ነበር። አባቱ ከቦሄሚያ መጥቶ እዚህ ኔብራስካ ሜዳ ላይ ስንዴ የዘራ ሰው ነው፤ ልጁ ግን ማረሻ ከሚይዝ የእንፋሎት ባቡር ምድጃ ውስጥ ከሰል ሲወረውር ቢውል ይመርጥ ነበር። እንዲያ እንዲያ እያለ ነጂ ሆነ። ጎበዝ ነጂ ነበር፣ ግን ጭንቀታም። ይህን የምለው ለሐሜት አይደለም፣ ራሱም አይክድም። ቤቱን ቆልፎ ከወጣ በኋላ ተመልሶ እጀታውን ይነቀንቃል። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ በር አጠገብ ካልሆነ አይቀመጥም። ሚስቱ ሊቢ ኮላች ጋግራ ጣፋጩ ዳቦ ገና ከገበታው ሳይነሣ፣ "ጋዙን ዘግተሽዋል?" ይላታል። "ኤሚልን የሚገድለው በሽታ አይደለም፣ በሽታ ይመጣ ይሆን የሚለው ነው" ትል ነበር ሊቢ። ከተማው ሁሉ ይስቅበታል። እሱ ደግሞ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ብሎ ያልፋል።

ጭንቀቱ ከሜዳ የተገኘ አልነበረም። በእንፋሎቱ ዘመን ነው፤ ከዱቦቫ በስተ ምዕራብ መንገዱ ሐዲዱን በሚያቋርጥበት ቦታ ላይ ስታንሊ ፖኮርኒ የሚባል ገበሬ በጭነት መኪናው ከወፍጮ ይመለስ ነበር። ማቋረጫው ላይ ደወል የለም፣ በትር የለም፤ በመስቀል ቅርጽ የተመታ ሳንቃ ብቻ ነው ያለው። ስታንሊ የባቡሩን መብራት አይቷል። ማየቱን ኤሚል ያውቃል፣ ቀና ብሎ ሲያየው አይቶታልና። ግን ፊት ለፊት የሚመጣ መብራት የሚንቀሳቀስ አይመስልም። እዚያው ተተክሎ የቆመ ይመስላል፣ ቆይቶ ትንሽ ይተልቃል፣ ተለቀ ብለህ ስትነቃ በላይህ ላይ ነው። ስታንሊ "ገና ሩቅ ነው" ብሎ ገባ። ኤሚል የሚያዝ ፍሬን ሁሉ ያዘ፤ ባቡር ግን እንደ ፈረስ በልጓም አይገታም።

ከዚያ በኋላ እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነ። ማቋረጫ በደረሰ ቁጥር ወንበሩ ላይ አይቀመጥም፣ ቆሞ ነው የሚነዳው። የስታንሊ እህት ቪዮላ ቀብሩ ላይ እጁን ይዛ፣ "አንተ አይደለህም፣ መብራቱ ነው ያታለለው" አለችው። ለደግ ብላ ነው፣ ነገሩም እውነት ነው፤ እሱ ግን እንቅልፍ አላገኘበትም።

የናፍጣ ባቡሮቹ ተወዛዋዡን መብራት ይዘው ሲመጡ እንግዲህ ኤሚል እንዴት እንደ ሆነ አስቡት። የመብራቱ ሥራ ይህ ብቻ ነበር፤ "እኔ እዚህ ነኝ፣ እየመጣሁም ነው" ማለት። ሜዳ ለሜዳ እየጠረገ፣ የገበሬውን ጎተራ እየላሰ ሲመጣ ዕውር ካልሆነ በቀር የማያየው የለም። መብራቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የበራ ዕለት ኤሚል ከባቡሩ ወርዶ ማሳ ውስጥ ቆሞ አየውና አለቀሰ። የከተማው ልጆች ወዲያው ስም አወጡለት፤ ቅዳሜ ማታ ከመጠጥ ቤት እንደሚመለስ ሰው ስለሚወላገድ "ሰካራሙ" አሉት።

ስለ ሰካራሙ ግጥም ያወጣው ግን ኤሚል ነው። በማቋረጫው በኩል፣ ከዋናው ሐዲድ ጎን፣ ባቡሮች እየገቡ ሌላ ባቡር እስኪያልፍ የሚጠብቁበት ተለዋጭ ሐዲድ አለ። እዚያ ገብቶ የቆመ ነጂ ከፊቱ የሚመጣውን ነጂ ዓይን እንዳያጠፋ ሰካራሙን ያስቆመዋል፤ መብራቱ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ባቡሩ ለረጅም ጊዜ እዚያ ስለሚቆም መንገደኛው ቆሞ ቢጠብቅ ይመሽበታል። ስለዚህ ኤሚል አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሰውን ሁሉ ሰብስቦ አስተማረ፤

"ሰካራሙ ሲወላገድ መጥቷል፣
ቀጥ ሲል ተኝቷል።"

ሰው ወደደው። ልጆች ገመድ ሲዘሉበት ዋሉ። ቪዮላ በዚያን ጊዜ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ መንዳት ጀምራ ነበር፤ ግጥሙን ከመስታወቱ በላይ በቀይ ቀለም አጻፈችው። ኤሚል በሕይወቱ አንድ ጊዜ ጭንቀቱ ቀለል አለው። ሊቢ እንኳ "ዘንድሮ ምድጃውን አልጠየቀኝም" ብላ ለጎረቤት አወራች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ መሆኑን ያን ጊዜ ማን አሰበ?

ዓመታት አለፉ። አንድ የየካቲት ከሰዓት በኋላ ኤሚል የእቃ ባቡሩን ይዞ ከምዕራብ ሲመለስ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይጥል ነበር። ሰማዩ እንደ ቆርቆሮ ጠቁሮ ቀኑ ገና ሳያልቅ የመሸ ይመስላል። አጠገቡ ረዳቱ ክላረንስ ቦት ተቀምጧል። ክላረንስ በእንፋሎቱ ዘመን እሳት አንዳጅ ነበር፤ አሁን የሚነድ እሳት የለም፣ ደመወዙ ግን አለ፤ በዚህም ከተማው ይቀልድበታል፣ እሱም ከሁሉ አብልጦ ይቀልዳል።

ኤሚል ወደ ፊት እያየ ከወንበሩ ጎንበስ አለ። ከዚያ፣ "ሰካራሙ ሞተ" አለ።

"ነፍሱን ይማር።"

"ቀልድ አይደለም፣ ክላረንስ። ተመልከት። ቀጥ ብሏል።"

"ቀጥ ሲል ተኝ…" አለና ክላረንስ ከልማዱ ሊጨርሰው ሲል አፉን ያዘ።

መብራቱ በርቷል፤ የሚያወዛውዘው ትንሹ ሞተር ነው የተቃጠለው። ለባቡሩ ምንም አይደለም። ለዱቦቫ ሰው ግን "ተኝቻለሁ" የሚል መብራት ነው፣ ባቡሩ ደግሞ እየበረረ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን በዚያ ሰዓት የእሱ ባቡር ዱቦቫ ተለዋጭ ሐዲድ ላይ ገብቶ፣ ሰካራሙን አስቁሞ፣ ከምሥራቅ የሚመጣውን የመንገደኞች ባቡር ይጠብቃል። ቪዮላም በየቀኑ ልጆቹን ጭና በአፍንጫው ፊት ታልፋለች። ዛሬ ግን የመንገደኞቹ ባቡር በበረዶው ዘግይቷል፤ ለኤሚል የተሰጠው ትእዛዝ ዱቦቫ ሳትቆም እስከሚቀጥለው ጣቢያ ገስግስ የሚል ነው።

ከዱቦቫ በፊት ባለው ጣቢያ ቆመው ኤሚል ወደ ጣቢያው ሠራተኛ ሮጠ። ሠራተኛው ስልክ ደውሎ የበላዮቹን ጠየቀለት።

"ዋናው መብራትህ ይሠራል ወይ ይላሉ።"

"ይሠራል፣ ግን…"

"ጡሩምባውስ?"

"ይሠራል። ስማኝ ወንድሜ፣ ዱቦቫ ሌላ ነው። እዚያ ያለው ሰው…"

"እንግዲያው ሂድ ብለዋል። ደንቡ አይከለክልህም። የመንገደኞቹን ባቡር እንዳታቆም ብለዋል።"

"ለትምህርት ቤቱ ደውልልኝ በእግዚአብሔር።"

ደወለለት። የጽዳት ሠራተኛው ነበር ያነሣው። አውቶቡሱ በአየሩ ምክንያት ዛሬ ቀደም ብሎ ወጥቷል።

ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ኤሚል ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ፤ ማቋረጫው ግን ገና ሩቅ ነበር። የልጅ ልጁ ሮዛሊ ሁልጊዜ በአውቶቡሱ መስኮት በኩል ነው የምትቀመጠው፣ ሊቢ የሠራችላትን ቀይ የሱፍ ቆብ አድርጋ። ቆቡ ፊቱ ላይ ድቅን አለበት።

"ክላረንስ፣ ባቡሩ አፍንጫ ውስጥ ግባና መብራቱን በእጅህ አወዛውዘው።"

"በእጄ?"

"በእጅህ። እኔ ልግባ እንዳልል መንዳት አለብኝ።"

ክላረንስ አልቀለደም። በጠባቧ በር ጎንበስ ብሎ ከፊት ወዳለው ጉድጓድ ገባ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከፊታቸው ያለው በረዶ ላይ ብርሃኑ ወዲህ ወዲያ ማለት ጀመረ፤ ሻካራ ነው፣ ግን ይሄዳል። ኤሚል "እሰይ፣ እሰይ የኔ ወንድም" እያለ ለራሱ አጉረመረመ። ወዲያው የብረት ስብራት ተሰማ፣ የክላረንስ እርግማን ተከተለ፣ ብርሃኑም ወደ ሐዲዱ ቀጥ ብሎ ደረቀ።

ክላረንስ ጓንቱ ተቃጥሎ ተመለሰ። "ማቀፊያው ተሰበረ። እንደ ግድግዳ ሆኗል፣ ኤሚል። እግዚአብሔርም አያንቀሳቅሰው።"

"ጡሩምባውን ይዘህ አትልቀቅ።"

ክላረንስ ጡሩምባውን ያዘ። ነፋሱ ግን ከፊት ነበር የሚመጣው፤ ድምፁን እየነጠቀ ወደ ኋላ፣ ወደ ባዶ ማሳ ይወስደዋል። ኤሚል መብራቱን አደብዝዞ መልሶ አደመቀው፣ ደጋገመው፤ በዚያ በረዶ መሀል ውሽንፍር ያለፈበት እንጂ ምልክት አይመስልም። እጁ የፍሬኑ መያዣ ላይ ነበር። ቢቆም ያለ ትእዛዝ ዋናው ሐዲድ ላይ ቆመ ማለት ነው፤ ከፊቱ ያለው የመንገደኞች ባቡርም ይቆማል፣ እሱም በጡረታው ዋዜማ ይጠየቃል። ባይቆምስ? ምናልባት አውቶቡሱ አልፏል። ምናልባት ገና አልደረሰም። ምናልባት ቪዮላ ዛሬ ትጠራጠራለች። "ምናልባት" የሚባል ነገር ስታንሊን እንዳልጠቀመው ያውቃል።

"ላቆመው ነው" አለ።

"አቁመው" አለ ክላረንስ።

ግን ፍሬኑን በአንዴ ቢደፍቀው ከኋላ ያሉት ፉርጎዎች በበረዶው ላይ እርስ በርስ ተጋፍተው ከሐዲድ ይወጣሉ። ቀስ እያለ ያዘው፣ ለቀቅ አደረገው፣ እንደገና ያዘው። መንኮራኩሮቹ ያፏጫሉ። ባቡሩ ይቀንሳል፣ ግን በቂ አይቀንስም። በዚህ መሀል በግራ በኩል በበረዶው ውስጥ አንድ ቢጫ ነገር ብቅ አለ።

አውቶቡሱ ማቋረጫው ጋ ቆመ። በሩ ተከፈተ፤ ደንቡ ነው፣ ነጂው በሩን ከፍቶ ማዳመጥ አለበት። ቪዮላ አንገቷን አውጥታ አዳመጠች፤ ነፋሱ ግን የጡሩምባውን ድምፅ ይዞት ሄዷል። ወደ ባቡሩም አየች። እሷ የምታየው ምን እንደ ሆነ ኤሚል ያውቃል፤ እንደ ሁልጊዜው ቀጥ ብሎ የተኛ መብራት። "አትግቢ" አለ፣ ፍሬኑን ጨብጦ። "ቪዮላ አትግቢ፣ አትግቢ፣ በእናትሽ…"

በሩ ተዘጋ። አውቶቡሱ ወደ ሐዲዱ ገባ።

ሳይቸኩል፣ እየተንገጫገጨ አለፈ። ባቡሩ ገና ይንከባለላል፣ አሁን እንደ ሰው ርምጃ ነው፣ ግን ይንከባለላል፤ ትልቁ አፍንጫው በአውቶቡሱ የኋላ መብራት ላይ ሊያርፍ ሲል አውቶቡሱ ወደ ማዶ ወረደ። ባቡሩ መንገዱ መሀል ላይ ቆመ። ቪዮላ በመስኮቷ እጇን አውጥታ አውለበለበች፣ ጎረቤት ለጎረቤት እንደሚያመሰግን። በኋለኛው መስታወት ልጆቹም ያውለበልባሉ። አንዷ ቀይ ቆብ አድርጋለች።

ኤሚል እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ክላረንስ ጡሩምባውን መልቀቅ ረስቶ ኖሮ ድምፁ ብዙ ቆየ።

ምርመራው እንደተጠበቀው ነበር። የመንገደኞቹ ባቡር ቆሟል፣ ሰዎች ቅሬታ አቅርበዋል፣ ሃቭራኔክ ያለ ትእዛዝ ቆሟል። ኤሚል መብራቱን ነገራቸው።

"ደንቡ በዚህ ምክንያት ቁም ይላል?"

"አይልም።"

"ማቋረጫው ላይ ሰው ነበረ?"

ኤሚል ባርኔጣውን በጣቶቹ አዞረ። አውቶቡስ ነበረ ቢል ነገሩ ወደ ትምህርት ቤቱ ይሄዳል፣ ትምህርት ቤቱም ቪዮላን ከመሪው ያነሣታል። የታዘዘችው ደግሞ የእሱን ግጥም ነው።

"አልነበረም" አለ።

ክላረንስንም ጠየቁት። "በረዶ ነበረ" አለ።

ለአንድ ወር ከሥራ አገዱት። ቅጣቱ አላመመውም። ያመመው በሚቀጥለው እሑድ ምሳ ላይ የሆነው ነው። ሊቢ የአሳማ ጥብስ፣ ጎምዛዛ ጎመንና በእንፋሎት የበሰለ ዳቦ አቅርባለች፤ እሱ ግን ሹካውን ይዞ ሮዛሊን ያያል።

"ሮዛሊ፣ ያንን ግጥም ከዛሬ ጀምሮ ርሺው። ሲወላገድም መጥቷል፣ ቀጥ ሲልም መጥቷል። እሺ?"

ልጅቷ በጎመን አፏ ሳቀች። "ኧረ አያቴ፣ ልክ ነው እኮ። ባለፈው ቀን እኮ የአንተ ባቡር ነበር። ሰካራሙ ቀጥ ብሎ ነበር፣ አንተም ቆመህ ነበር። ሁላችንም አየን። እኔ ለክፍሉ ልጆች 'የኔ አያት ነው ግጥሙን የሠራው' ብዬ ነገርኳቸው።"

ኤሚል ሹካውን አስቀመጠ። ነገሩ ያኔ ነው የገባው። ባቡሩን በማቆሙ ውሸቱን እውነት አድርጎታል። ልጆቹ ዓይናቸው ያየውን ይዘው ቀርተዋል፤ ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ እሱ በማይነዳው ባቡር ፊት፣ በዚያው ግጥም ያልፋሉ። ሊቢ፣ "ምን ሆንክ፣ ጨው በዛበት?" አለችው። "አይ፣ ደኅና ነው" አለ።

አዳራሹ ውስጥም ሞከረ። ከቅዳሴ በኋላ ተነሥቶ መብራት ሊበላሽ ይችላል፣ ግጥሙን ተዉት አለ። የከተማው ሰው ሳቀ። ሥጋ ሻጩ፣ "ኤሚል፣ አንተ ሰጥተኸን አንተው ልትቀማን? ይኸው ስንት ዓመት ማን ሞተበት?" አለ። ሌላው፣ "ሥራ ፈትቶ ጭንቀቱ ተመለሰበት፣ ወሩ እስኪያልቅ ታገሡት" አለ። ከሁሉ የባሰችው ቪዮላ ነበረች፤ ተነሥታ፣ "ይስቁበት፣ እኔ ግን አመሰግነዋለሁ። በዚያ አየር ባቡሩን አስቁሞ ልጆቹን አሳልፎልኛል። ስታንሊ ይህን ሳያይ ሞተ እንጂ" አለች፣ ዓይኗም እንባ አቀረረ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ኤሚል አፉን ከፈተ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ የትምህርት ቤቱ ኮሚቴም ባለበት፣ "ቪዮላ፣ አልቆምኩም ነበር፣ በአንድ ፀጉር ነው የዳናችሁት" እንዴት ይበል? በሩ አጠገብ ወዳለው ቦታው ተመለሰ።

ኤሚል ያን ሳምንት አልበላም፣ አልተኛም። ባቡር ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ጋ ይሄዳል። ሊቢ፣ "ሰውዬ፣ ወይ ተናገረው ወይ ዋጠው፣ ይህ በጉሮሮ ላይ ይዞ መኖር አይደለም" አለችው። በማግሥቱ ወደ ክላረንስ ቤት ሄደ።

"አሁን ባቡሬን የሚነዳው ማነው?"

"አንድ የሊንከን ሰው። ጨዋ ነው። ስለ ዱቦቫ የሚያውቀው ነገር የለም። ሰካራሙንም ጠግነውታል።"

"የፊታችን ሐሙስ የመንገደኞቹ ባቡር ቀርቷል፣ ሳትቆሙ ነው የምታልፉት። ማቋረጫው ከመድረሳችሁ በፊት የሰካራሙን ሞተር አጥፋልኝ።"

ክላረንስ አየው። ሊቀልድ ፈልጎ ነበር፣ ተወው። "ማጥፊያው በእኔ በኩል ነው። ነጂው ቢጠይቀኝ ክንዴ ነካው እላለሁ። ግን ኤሚል፣ አንተ ማቋረጫው ላይ ካልቆምክ አላደርገውም። ማልልኝ።"

"እቆማለሁ።"

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ዳምኖ ነበር፣ በረዶው ግን ቀልጧል። አውቶቡሱ ወደ ማቋረጫው ሲደርስ ኤሚል መንገዱ መሀል፣ ከመስቀሉ ሳንቃ ፊት ቆሞ ጠበቀው። ቪዮላ በሩን ከፈተች።

"ምነው ኤሚል? ታመምክ እንዴ?"

"ሞተሩን አጥፊው፣ ቪዮላ። ትንሽ ጠብቂ።"

"ልጆቹ ይቆያሉ እኮ፣ እናቶቻቸው…"

"ስለ ስታንሊ ብለሽ።"

አጠፋችው። ልጆቹ መስኮቱ ላይ ተደራረቡ፤ ሮዛሊ "አያቴ ነው" እያለች ለሁሉም ትናገራለች። ኤሚል የአውቶቡሱ አፍንጫ ላይ እጁን አስደግፎ ወደ ምዕራብ አየ። ክላረንስ ቢረሳስ? ሰካራሙ እየተወላገደ ቢመጣ ነገሩ ሁሉ ከንቱ ነው፣ ሌላ ቀን አያገኝም።

መብራቱ ብቅ አለ፤ ሩቅ፣ ትንሽ፣ እንደ ተተከለ ችካል ቀጥ ያለ።

"ልጆች" አለ ኤሚል ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ምን ይላል?"

ሁሉም ባንድ ላይ "ተኝቷል" አሉ።

"ቪዮላ፣ አንቺስ?"

"ተኝቷል እንጂ። በየቀኑ እዚያ አይደል የሚተኛው?" እጇን ወደ ማስነሻው ሰደደች። "ኤሚል፣ ጨዋታህን ሌላ ቀን እናድርገው፣ ዘወር በልልኝ።"

ዘወር አላለም። "ጠብቂ" አለ።

"የሚመጣ ቢሆን ይወላገድ ነበር እኮ።"

"ጠብቂ፣ ቪዮላ።"

ትንሽ ቆዩ። መብራቱ እዚያው ነው። ከኋላ አንድ ልጅ "በረደኝ" አለ፣ ሌላው ግጥሙን ማንጎራጎር ጀመረ። ከዚያ መብራቱ ትንሽ ተለቀ። ኤሚል ከእጁ በታች የአውቶቡሱ ብረት ሲርገበገብ ተሰማው። ጡሩምባው ጮኸ፣ ማንጎራጎሩ ተቋረጠ፣ ባቡሩም ልክ በፊታቸው በሙሉ ፍጥነቱ ደረሰ፤ መስታወቶቹ ተንቀጠቀጡ፣ የኤሚል ባርኔጣ ተነጥቆ ሄደ፣ ፉርጎው ፉርጎውን እየተከተለ መሬቱን እያናወጠ አለፈ። ብዙ ፉርጎ ነበር።

ቪዮላ መሪውን በሁለት እጇ እንደያዘች ነበር። ቀስ ብላ ለቀቀችው፣ ተነሣች፣ ወርዳ የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ አመድ መስሏል። ሐዲዱን አየች፣ ከዚያ ኤሚልን አየችው። ውስጥ ሮዛሊ ማልቀስ ጀምራለች፣ ለምን እንደምታለቅስ ግን አታውቅም።

"ኤሚል" አለች ቪዮላ። "ያን ቀን እኮ… እኔ እጄን አውለብልቤልሃለሁ።"

"አዎ" አለ ኤሚል። "አይቼሻለሁ።"